ተጫዋች በአንድ ቁጥር ይመዘናልን?



እኛ የአትክልት ተራ ልጆች ሚዛን እያየን አደግን። የአትክልቱ ንግድ በ2012 ዓ.ም. ከሰፈራችን እስኪነሣ ድረስ ገዢ ሁሉ ሚዛኑን ካየ በኋላ ቲማቲሙን በእጁ ይዳስስ ነበር፤ ሚዛን ክብደትን እንጂ ብስለትን አይናገርምና። ዘንድሮ በክፍሎች መካከል በተደረገው የእግር ኳስ ውድድር ግን ይህን ዕውቀት የዘነጋነው ይመስለኛል።

ኮከብ ተጫዋች በነጥብ ድምር እንዲመረጥ ተወሰነ። ጎል ላገባ 5፣ ለጎል ላቀበለ 3 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ኳስ ለተነጠቀ 1 ይቀነስበታል። አድልዎንና ጭቅጭቅን ስለሚያስቀር ሐሳቡ መልካም ነው። ዳሩ ግን ኳስ የማይጠይቅ ሰው ኳስ አይነጠቅም። የክፍላችን አማካይ ተጫዋች ጨዋታውን ሁሉ የሚያቀናጅ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ተነጠቀ። ከሁለት ጨዋታ በኋላ ነጥቡ ከዜሮ በታች ሆኖ በሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ አፈረ፤ በሦስተኛው ጨዋታ ከተከላካዮች ኋላ ተደብቆ ዋለ። ነጥቡ ተሻሻለለት፤ እኛ ግን ተሸነፍን።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካኖች ፉትቦል ሊግ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኳርተርባክ የሚባለውን ኳስ ወርዋሪ አራት ነገሮችን ባጣመረ አንድ ቁጥር ይመዝነዋል፤ እነርሱም የተሳካ ቅብብል፣ የተገኘ ያርድ፣ ለነጥብ የበቃ ውርወራና በባላጋራ የተጠለፈ ኳስ ናቸው። ከፍተኛው ውጤት 158.3 ነው። ሆኖም ለመወርወር ፈርቶ ኳሱን እንደ ያዘ ቢጣል ከዚህ ቁጥር ምንም አይቀነስበትም።

የራሳችንንም ታሪክ እንመልከት። በጥር ወር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ መንግሥቱ ወርቁና የግብጹ ባደዊ እያንዳንዳቸው 3 ጎል አገቡ። በድምር እኩል ናቸው። ነገር ግን በፍጻሜው ግጥሚያ ኢትዮጵያ 2 ለ1 ተበልጣ ቆይታ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲቃረብ አቻ ከሆነች በኋላ፣ በጭማሪው ሰዓት አራተኛዋን ጎል አግብቶ 4 ለ2 ያስጨረሰ መንግሥቱ ነው። ድምሩ ይህን አይነግረንም።

እንግዲህ ቁጥር ይቅር አልልም። ለሚመጣው ዓመት ግን እያንዳንዱ ነጥብ ለየብቻው ይለጠፍ፤ ስንት ጊዜ እንደ ተነጠቀ ሲጻፍ ስንት ጊዜ ኳስ እንደ ተቀበለም አጠገቡ ይጻፍ፤ አብረውት የተጫወቱትም ይጠየቁ።

ወላጆችና መምህራንም በሰኔ የምናመጣውን የውጤት ካርድ እንዲያስቡልኝ እለምናለሁ። አማካይ ውጤታችን ደፍሮ የጠየቀውንና ፈርቶ ዝም ያለውን ተማሪ አይለይም። ሚዛኑ ይኑር፤ እጃችንም ይዳስስ እላለሁ።

አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ