የአሥራ ሦስት ወር ቤት፦ ማኒፌስቶ

በአዲስ አበባ ብዙ ሳሎኖች ውስጥ ከሶፋው ትይዩ ቡፌ ቆሟል። በመስታወቱ ውስጥ አፋቸው ወርቃማ ቀለም የተቀባ ብርጭቆዎች፣ ከነማስቀመጫቸው የተደረደሩ ሲኒዎች፣ ቤይሩት ወይም ዱባይ ሠርታ የተመለሰች ልጅ ያመጣችው የሻይ በራድ ይታያሉ። ቁልፉ እናት ጋ ነው። የቤቱ ሰዎች ውሃ የሚጠጡት ጆሮው በተሰበረ ኩባያ ነው። ብርጭቆዎቹ የሚጠብቁት እንግዳ በዓመት ሁለቴ ቢመጣ ነው፤ እሱም ሲመጣ "አትቸገሩ፣ በጠርሙሱ ይበቃኛል" ብሎ ለስላሳውን ይጨርሳል።

እኛ ይህ ቡፌ ይከፈት የምንል ነን።

ስም የለንም፣ ጽሕፈት ቤት የለንም፣ መዋጮም አንሰበስብም። በኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ አራት ሆነን የምንኖር አለን። ሦስት ትውልድ ዕቃ ባከማቸበት የአያቶቻችን ግቢ፣ ሰርቪስ ቤት ውስጥ የምንኖር አለን። ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጠን "አገር ቤት ስሄድ እወስደዋለሁ" ላልነው ካርቶን በየወሩ የስቶሬጅ ኪራይ የምንከፍልም አለን። የሚያገናኘን ይህ ነው፦ ቤት የማቅለል ሥራ ለበዓል ዋዜማ አይቆለል፤ ዓመቱን ሙሉ ይከፋፈል፣ ለቤቱ ሰው ሁሉ ይከፋፈል፣ የሚወጣውም ዕቃ ጥቅሙ ሳያልቅ ይውጣ።

የምንቃወመውን በግልጽ እንናገር። ጳጉሜን ሲገባ በየቤቱ የሚሆነውን የማያውቅ የለም። መጋረጃ ይወርዳል፣ ምንጣፍ አጥር ላይ ይሰጣል፣ አልጋ ይገፋል። ከአልጋው ሥር የወጣው ዕቃ ተወልውሎ ተመልሶ እዚያው አልጋ ሥር ይገባል። የሦስት ቀን ልፋት ዕቃውን አቧራ አራግፎለት ወደ ቦታው መለሰው ማለት ነው። ልፋቱም የእናትና የሠራተኛ ነው፤ አባወራው በዚያ ሰዓት የበግ ዋጋ ሊጠይቅ ወጥቷል። ለገና ይደገማል፣ ለፋሲካ ይደገማል። ሰኔና ሰኞ ገጥሞ ልጅ የታመመ ወይም ውሃ የጠፋ እንደሆነ ደግሞ ያ ሁሉ ኮተት በረንዳ ላይ እንደተቆለለ በዓሉ ይገባል።

ከውጭ የመጣውም ምክር አልሆነልንም። ጃፓናዊቷ ማሪ ኮንዶ በመጽሐፏ ዓለምን ያዳረሰች ሴት ናት። ቤታችሁን በአንድ ትንፋሽ፣ በአጭር ጊዜ፣ ሙሉ በሙሉ አራግፉ ትላለች፤ ዕቃውን በእጃችሁ ይዛችሁ ልባችሁ ካልፈካ አሰናብቱት ትላለች። እናከብራታለን። (ሦስት ልጆች ካፈራች ወዲህ ነገሩን በመጠኑ እንደተወችው በፈረንጆቹ 2023 ስትናገር ደግሞ ይበልጥ ወደድናት።) ግን ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቢጫውን ጀሪካን አቅፎ ልቡ የፈካ ሰው አላየንም፤ ሆኖም ከዚያ ቤት መጨረሻ የሚወጣው ዕቃ እሱ ነው። የከሰል ምድጃውም እንዲሁ፤ መብራት ሲጠፋ ራት የሚያበስለው ማን ሆነና! ስለዚህ ዕቃውን ስናነሳ የምንጠይቀው ሌላ ነው፦ ይህ ማን ጋ ቢሆን ይሠራል? መልሱ "እኛው ጋ" ከሆነ ይቀመጥ። መልሱ የሌላ ሰው ስም ከሆነ ግን በዚያው ሳምንት ወደ ሰውየው ይሂድ። መድረሻው ያልታወቀ ዕቃ ከቤት አይወጣም፤ ከወጣ ኮሪደር ላይ ይቀራልና።

ቤታችን እንዲህ የሞላው "ለክፉ ቀን ይሆናል" እያልን ነው። በዚህ አባባል አንስቅም፤ ክፉ ቀን በተረት ያልቀረበት አገር ነው። በደርግ ጊዜ ስኳርና ሳሙና ለማግኘት በቀበሌ ኅብረት ሱቅ በር ላይ የተሰለፈች እናት የኒዶ ጣሳ መጣል ቢከብዳት አይፈረድባትም። ጣሳው በርበሬ ይይዛል፣ እህል ይሰፍራል፣ ጤና አዳም ይተከልበታል። አንድ ጣሳ፣ አምስት ጣሳ ብልሃት ነው፤ ቆጥ ላይ የተደረደሩት አርባዎቹ ግን ምን ሊሰፍሩ ነው? ለክፉ ቀን ተብሎ በናፍታሊን የታጠፈው ብርድ ልብስስ? ክፉው ቀን እኮ ለጎረቤት ከመጣ ቆይቷል። ከአጥሩ ማዶ አራስ ልጅ በነጠላ ተጠቅልሎ ሳለ እዚህ ብርድ ልብሱን ብል እየበላው ነው። ቁጠባ ብለን የያዝነው ነገር ብልን መመገብ ሆኗል።

አሁን ወደማይወራው እንግባ። በብዙ ቤት የሠራተኛዋ መኝታ ዕቃ ቤቱ ነው። ፍራሿ ከጤፍ ጆንያው ጎን ተዘርግቷል። ከራስጌዋ የማይሠራ ቴሌቪዥን፣ ከግርጌዋ ልጁ ካደገ ወዲህ ያልተነካ የሕፃን ጋሪ አለ። ከላይ፣ ጣውላው ላይ፣ ባዶ ሻንጣዎች ተደራርበዋል፤ ከአሜሪካ 23፣ 23 ኪሎ ተሞልተው መጥተው ስጦታው ከተከፋፈለ ስንት ዓመቱ! የእሷ ልብስ ግን በፌስታል ተቋጥሮ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ቤቱ ውስጥ ባዶ ሻንጣ ሞልቶ የሰው ልብስ ፌስታል ውስጥ ያደረው ቦታ ስለጠፋ አይደለም። በዚያ ክፍል ዕቃው ከሰው በልጦ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚራገፈው ክፍል ይህ ነው። ሳሎን ይቆይ፣ የጌቶች መኝታ ቤት ይቆይ። ቴሌቪዥኑ ወይ ይጠገን ወይ ቆራሌው ይውሰደው። ጋሪው ነፍሰ ጡር ወዳለችበት ቤት ይሂድ። አንዱ ሻንጣ የእሷ ይሁን፤ የሚቆለፍ ቁም ሳጥንም ይሰጣት። ይህን ሳያደርግ ሳሎኑን ያሳመረ ሰው የእኛ ሰው አይደለም። በሌላው ሁሉ ለዘብተኞች ነን፤ በዚህ አንደራደርም።

የቀረው በወራቱ ይሄዳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ያልሰማ ጆሮ አለ? ለዚህ ደግሞ የቀን መቁጠሪያችን ራሱ ሥራውን ከፋፍሎልናል።

መስከረም የልጆች ነው። ትምህርት ሲከፈት ያጠረው ዩኒፎርም ለታናሽ፣ ታናሽ ከሌለ ለጎረቤት ልጅ ይተላለፍ። ያለቀው ደብተር ለሱቁ ይሰጥ፤ የአምናው ፊዚክስ ቆሎ ቢጠቀለልበት ምን ይላል።

ኅዳር ሰፋ ያለ ቃል ይፈልጋል። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ቀባሪ እስኪጠፋ ሰው ፈጀ፤ የኅዳር በሽታ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ኅዳር 12፣ በሚካኤል ቀን፣ ሰፈሩ ቆሻሻውን ደጅ አውጥቶ ያቃጥላል፤ ኅዳር ሲታጠን እንላለን። ማንም ስብሰባ ሳይጠራ፣ መመሪያ ሳያወርድ፣ ከተማው በአንድ ጠዋት ጓዳውን የሚያይበት ቀን ከመቶ ዓመት በላይ ኖሮናል። ቀኑን እንወስዳለን፣ ጭሱን እንተዋለን። በ1911 ፌስታል አልነበረም፤ ዛሬ የሚነደው ፌስታል፣ ሃይላንድና የተቀደደ የላስቲክ ጫማ ነው። በሽታ እንዲያባርር የተጀመረው ጭስ ራሱ ጉሮሮ የሚዘጋ ሆኗል።

ላለማቃጠል ብሎ ዝም ብሎ መጣልም አያድንም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የተቆለለው ቆሻሻ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው በልቷል። በዚያ ተራራ ላይ የየቤታችን ድርሻ ነበረበት።

ኅዳር 12 ጠዋት እንግዲህ ክብሪት አይጫር። ብረት ለብቻ፣ ጠርሙስ ለብቻ፣ ካርቶን ለብቻ፣ ጨርቅ ለብቻ ሆኖ በር ላይ ይቀመጥና ቆራሌውና ልዋጮቹ ይጠሩ። እነሱ የሚሰበስቡት ብረት ምናለሽ ተራ ደርሶ ሲቀጠቀጥ ያየ ሰው ቆሻሻ የሚለውን ቃል እንደ ልቡ አይናገርም፤ የዘይት በርሜል ተዘርግቶ ምድጃ፣ ቆርቆሮ ተጣጥፎ ሳጥን ይሆናል። እኛ ዛሬ የምንሰብከውን እነዚህ ሰዎች ጆንያ ተሸክመው በየኮብልስቶኑ ሲሠሩት ኖረዋል። በሃያ ብር ከመከራከር ይልቅ ውሃ ብናቀርብላቸው ያምርብናል።

ጥር የልብስ ነው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይላል ተረቱ፤ እኛ አይበጣጠስ፣ ይሰጥ እንላለን። ሁለት ጥምቀት ቁም ሳጥን ውስጥ ያሳለፈ ቀሚስ ሦስተኛውን ሌላ ሴት ላይ ሆኖ ጃንሜዳ ይዋል። አሰጣጡ ግን ወግ አለው፦ ታጥቦ፣ የጎደለ ቁልፍ ተተክቶለት፣ ተተኩሶ። ለመቄዶንያም ሆነ ለአክስት ልጅ ልዩነት የለውም። አንገቱ የነተበ ሸሚዝ ለገጠር ዘመድ መላክ ቆሻሻችንን እሱ እንዲጥልልን ማዘዝ ነው፤ የነተበው እዚሁ ወለል ይወልውል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ የሥጋው ድስትና የቅቤው ዕቃ 55 ቀን ያርፋሉ፤ ማድቤቱ የሚፈተሸው ያኔ ነው። ክዳን የጠፋበት ድስትና ድስት የጠፋበት ክዳን ይተያዩ፤ ካልተስማሙ ለልዋጭ ይሰናበቱ። ሙስሊሙ ቤት ይህን ሥራ ከረመዳን በፊት ባለው በሻዕባን ይይዘዋል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ስለሚቀድም የዚያ ቤት ማድቤት ከዓመታት በኋላ በበጋም በክረምትም የተራገፈ ይሆናል፤ በዚህስ ይበልጡናል። ቡፌውም የሚከፈተው በዚህ ጊዜ ነው። ብርጭቆዎቹ ይውጡ፣ ልጆች ይጠጡባቸው። ይሰበራሉ፤ ይሰበሩ። ልጅቷ በሰው አገር ለፍታ ያመጣችው በራድ እናቷ ሻይ ስትቀዳበት ብታይ ነው ደስ የሚላት።

ሰኔ የወረቀት ነው። መንግሥት የበጀት ዓመቱን ሰኔ 30 ይዘጋል፤ እኛም እንዝጋ። ከቁም ሳጥኑ ሥር ያለው የብስኩት ቆርቆሮ ይገልበጥ፦ የመብራት ደረሰኝ፣ ዋስትናው ያለቀ የፍሪጅ ወረቀት፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ቁልፍ። ካርታ፣ ውል፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የትምህርት ማስረጃ በአንድ ክላሰር ይግቡ፤ ቦታውንም ከአንድ በላይ ሰው ይወቀው። አባወራ ድንገት ሲያልፍ ለቅሶው ሳይበርድ ካርታ ፍለጋ ፍራሽ የሚገለብጥ ቤተሰብ ብዙ ነው። ፎቶግራፍ አይነካ፤ ስለ ፎቶግራፍ ሕግ አናወጣም።

ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው፤ ዕቃ አይወጣም። ይሰፋል፣ ይጠገናል፣ ፀሐይ ብልጭ ስትል ፍራሽ ይወጣል፣ ከቁም ሳጥን ጀርባ ሻጋታ ይታያል። ስማቸውን ያልጠራናቸው ወራት ያረፉ ናቸው፤ ወይም የተረሳ ሥራ ያለበት ይጠቀምባቸው። ጳጉሜን ግን ነፃ ነች። አምስት ትሁን ስድስት፣ በእነዚያ ቀናት መጋረጃ አይወርድም፣ አልጋ አይገፋም፣ ማንም ሴት ወገቧን ይዛ አትቃትትም። ጳጉሜን 3 የሩፋኤል ዝናብ ሲጥል እናትም ከልጆቿ ጋር ደጅ ትገኝ።

የመጨረሻው ጥያቄያችን ከአንድ ቤት ያልፋል። እድር ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ትልልቅ ድስትና ሰሃን ስላለው ማንም ለለቅሶ ብሎ ድንኳን አልጋው ሥር አያስቀምጥም። የእኛ ሰው የጋራ ዕቃን መያዝ፣ መመዝገብ፣ ማዋስ፣ የሰበረውን ማስከፈል ያውቅበታል፤ ማንም ሊያስተምረው አይገባም። ታዲያ ይህ ዕውቀት ለሐዘን ብቻ ለምን ቀረ? በአንድ የኮንዶሚኒየም ብሎክ ስንት መሰላል፣ ስንት ድሪል፣ ከሠርግ ወዲህ ያልተነካ ስንት ጎላ ድስት አለ? አንድ ድሪል በአንድ ቤት በዓመት ስንት ደቂቃ ይሠራል? ለእነዚህ ሁሉ የእድሩ ዕቃ ቤት ወይም የኮሙናሉ አንድ ጥግ ይበቃል። መዝገቡ አለ፣ ንብረት ያዡም አሉ። የሚቀረው አንድ መስመር መጨመር ነው።

በመጪው የእድር ስብሰባ ይህን አጀንዳ አስይዙ። ሽማግሌዎቹ "እድር ለሞት እንጂ ለመሰላል አልተቋቋመም" ይሉ ይሆናል። አትከራከሯቸው፤ መሰላላችሁን ተሸክማችሁ ግቡና አስመዝግቡ።