የመዝገብ ቤቱ ኢሉሚናቲ

ባለፈው እሑድ፣ ቡናው ቶና ላይ ሳለ፣ የእህቴ ልጅ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። የአንድ ዶላር ኖት ፎቶ ነው። ፒራሚዱ ጫፍ ላይ ያለችውን ዓይን በሁለት ጣቱ ለጥጦ ለጥጦ የቡና ሲኒ አሳከላትና «ጋሼ፣ አሁንም አላምንም ልትል ነው?» አለኝ።

ልጁ ኢንጂነር ነው። ሥራው ላይ ያለ ስሌት አንዲት ፌሮ አያስቀምጥም። ዓለምን ማን ይገዛታል የተባለ እንደሆነ ግን የሦስት ሰዓት የዩቲዩብ ቪዲዮ ይበቃዋል።

የማውቀውን ነገርኩት። ኢሉሚናቲ የሚሉትን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1776 ባቫርያ፣ ኢንጎልሽታት ከተማ ውስጥ ያቋቋመው አዳም ቫይስሃውፕት የሚባል የሕግ መምህር ነው። አሥር ዓመት ሳይሞላው የአገሩ ገዢ በአዋጅ አገደው፤ ወረቀታቸውም ተይዞ ለአደባባይ ታተመ። ምልክታቸው ጉጉት ነበረች። ዓይኗ በ1782 የአሜሪካ ማኅተም ላይ የገባች ናት፤ ዶላሩ ላይ ለመውጣት ደግሞ እስከ 1935 ቆይታለች። ልጁ በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ «እንደዚህ ብለህ እንድታስብ ነው እኮ የሚፈልጉት» አለ። እህቴ ከረከቦቱ ኋላ ሆና ሳቀች። ክርክሩም እዚያው ላይ አበቃ፤ እንዲህ ለሚል ሰው ምን ይባላል?

ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የበገንኩት በልጁ መሰላችሁ? በብድሩ ነው። ምስጢር ቸግሮን ነው ከባቫርያ የምንበደረው?

ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 1906 ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ አልተነገረም። ባላገሩ «ምኒልክ ይሙት!» እያለ በሞቱት ንጉሥ ሲምል ከረመ። ጃንሆይ በነሐሴ 1967 «በሕመም አረፉ» ተባለ፤ አስከሬናቸው ግን የት እንደገባ ሳይነገር ቆይቶ በ1984 ከቤተ መንግሥቱ ግቢ፣ ከመሬት ሥር ተቆፍሮ ወጣ። ታፍነው መገደላቸው በደርግ ባለ ሥልጣናት የክስ ሂደት ተነገረ፤ ቅድስት ሥላሴ የተቀበሩት በጥቅምት 1993 ነው። በ1971 የተገደሉት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ዕጣቸው በገሃድ የታወቀው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነበር። የ2004ን ክረምት ደግሞ ራሳችሁ ታስታውሱታላችሁ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከዓይን ጠፉ፣ «እያገገሙ ነው» ተባልን፣ ነሐሴ 15 ጠዋት ቴሌቪዥኑ ሞታቸውን ነገረን። ያን ሰሞን ከመግለጫው ይልቅ ሚኒባስ ውስጥ የሚወራው ለእውነቱ የቀረበ ነበር። እንዲህ ካስለመዱት በኋላ ሕዝቡን «ወሬ አትመን» ማለት ምን የሚሉት ድፍረት ነው?

ስውር ገዢም ቢሆን አገር በቀል ነበረን። በሰኔ 1966 አራተኛ ክፍለ ጦር ግቢ የተሰበሰቡት ሰዎች ስም ዝርዝራቸውን ለሕዝብ አላወጡም። ቁጥራቸውን እንኳ አንዱ 106፣ አንዱ 109፣ ሌላው 120 እያለ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ደርግ ማለት ኮሚቴ ማለት ነው። አባላቱ እነማን እንደሆኑ ያልተነገረን ኮሚቴ ንጉሥ አወረደ፤ ፒራሚድም ዓይንም አላስፈለገውም።

አባቴ በዚያ ዘመን ማታ ማታ ራዲዮኑን ጋቢ አልብሶ፣ ጆሮውን ለጥፎበት የጀርመን ድምፅን ይሰማ ነበር። የሰማውን ለእናቴ እንኳ አይነግራትም። ከመተኛቱ በፊት ግን አንድ የማይዘነጋው ሥራ ነበረው። ቀስቷን ቀስ አድርጎ እያሽከረከረ ወደ አገር ውስጡ ጣቢያ ይመልሳታል። ጠዋት ቡና ሊጠጣ የሚመጣ ጎረቤት ቀስቷ የት እንዳደረች እንዳያይ ነው። አንድ ሌሊት እንቅልፍ ጥሎት ሳይመልሳት አደረ፤ እኔ ቀድሜ ነቅቼ መለስኩለት። ስለዚያ ነገር እሱም አላነሳ፣ እኔም አላነሳሁ።

«ሰምና ወርቅ ያሳደገው ሕዝብ ስለሆነ ነው ሁሉን ነገር ከሥሩ የሚፈልገው» የሚሉ ምሁራን አሉ። ሚኒባስ ውስጥ ያለው ሕዝብ ሁሉ ቅኔ ቤት የዋለ መስሏቸዋል። ይለፉኝ።

አሁን «ደግሞ ስለ መዝገብ ቤት ሊነዘንዘን ነው» ያላችሁ አልተሳሳታችሁም። በሰፈራችን መንገድ ሊያልፍ ነው ይባላል። በማን ቤት ላይ? አንዱ 20 ሜትር ነው ይላል፣ ሌላው 40። ማዶ ያለችው ባለ ሱቅ ደግሞ አንድ ባለ ሀብት ቤቱን ለማትረፍ መስመሩን አጣምሞታል ብላ ሰውዬውን በስም ትጠራለች። ማስረጃዋ ሰውዬው ሰሞኑን አጥሩን ቀለም ማስቀባቱ ነው። የሚፈርስ ቢሆን ያስቀባዋል? እኔም፣ ምን እደብቃለሁ፣ ከዚያ ወዲህ በዚያ አጥር ባለፍኩ ቁጥር አየዋለሁ። ይህን ሁሉ ወሬ አንዲት የመንገዱ ፕላን ወረቀት ትገድለው ነበር።

ስለዚህ ረቡዕ የእህቴን ልጅ አስከትዬ ጉዳዩ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። «የተደበቀ ነገር ከወደድክ ና፣ የደበቀውን ሰው ፊት ለፊት ላሳይህ» ብዬው ነው። ማመልከቻዬ ላይ አዋጅ ቁጥር 590/2000ን ጠቅሻለሁ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ የሚያዘውን ማለቴ ነው። መዝገብ ቤት የተቀመጠው ሰው አንገቱ ላይ ቁልፍ አንጠልጥሏል።

«ፕላኑ ምስጢር ነው?» አልኩት።

«ኧረ ምን ምስጢር አለው» አለኝ።

«እንግዲያው እንየዋ።»

«አይታይም አባት።»

ማመልከቻውን ተቀብሎ አነበበው። እንደገና አነበበው። ከዚያ ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ ባዶ ነው። አዋጅ ቁጥሯ ላይ ሲደርስ እንደሆነ እንጃ፣ ፊቱ ተለወጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወደ እኛ ጠጋ ብሎ ጠየቀ።

«እውነቱን ንገሩኝ። ከጀርባችሁ ያለው ማነው?»

ዘወር አልኩ። ከጀርባችን ልጅ ያዘለች ሴትና ሰባት ስምንት ሰው የያዘ ወረፋ አለ። የእህቴ ልጅ ግን በደስታ ፊቱ በርቷል። እሑድ እኔን ሊያሳምንበት የለፋበትን ነገር ያለ ምንም ድካም የሚያምን ሰው አገኘ። በደንብ ጨዋታ ያዙ። ሰውየው ሰሞኑን ፕላን የሚጠይቁት ሁሉ በአንድ እጅ የተላኩ እንደሚመስሉት፣ አለቆቹም እንደዚያው እንደሚጠረጥሩ ነገረው። ልጁም ራሱን እየነቀነቀ ይሰማዋል። እኔ ፕላኔን እጠብቃለሁ።

በመጨረሻ ቀሪው ላይ የገቢ ማኅተም መታልን። ውጭ ስንወጣ የእህቴ ልጅ ማኅተሙን ፎቶ አነሳው፤ 30 ቀኑን ከዚያ እንድንቆጥር። በሁለት ጣቱ ለጥጦ ለጥጦ አሳየኝ። ቀለሙ ተጨማልቆ ቀኑ አይነበብም።