ቁምስናው ከአባ በኋላ

ይህን እትም የሰጠነው የሚወዱትን ቆሞስ በሞት ላጡ ምእመናን ነው። ቀብሩ በሕዝብ ብዛት ይታለፋል፤ ከባዱ ሰባቱና አርባው ካለፈ በኋላ የሚመጣው እሑድ ነው። ያው ቅዳሴ በሌላ ድምፅ ይሰማል። ለዓመታት ለአንድ አባት ብቻ ንስሐ የገባች እናት አዲሱ ካህን ፊት ቃል ያጥራታል፤ ይህ ደግሞ ነውር አይደለም። የጥምቀት መዝገቡ ላይ የሟቹ የእጅ ጽሑፍ ገጹ መሀል ላይ ቆሞ ከሥሩ የሌላ ሰው ጽሑፍ ይቀጥላል።

የቤተ ክርስቲያን ሕግ መንጋውን ያለ እረኛ አይተውም። የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊካዊ ቁምስናዎችም የሚመሩበት፣ በ1990 እ.ኤ.አ. የታወጀው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና፣ አስተዳዳሪ እስኪሾም ረዳት ካህኑ፣ እሱ ከሌለም የቅርቡ ቆሞስ ኃላፊነቱን እንዲረከብ ያዛል። ልብን የሚያረጋጋ ሹመት ግን የለም፤ ጊዜ ይፈልጋል። አዲሱን ካህን ከሟቹ ጋር ማወዳደር ሁለቱንም መበደል ይመስለኛል።

ከታሪክ ለዚህ ምሳሌ የሚሆኑትን ካቶሊካዊ ሚሲዮናዊ ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስን መርጠናል። ሕዝቡ «አቡነ ያዕቆብ» ይላቸው የነበሩት እኚህ አባት በ1860 እ.ኤ.አ. በአሊጌዴ ሸለቆ መንገድ ላይ ሲያርፉ መንፈሳዊ ልጆቻቸው አስከሬናቸውን ሄቦ ወስደው ቀበሩ። በሕይወት ሳሉ ያገሩን ተወላጆች አቅስሰው፣ በግዕዝ እንዲቀድሱ አድርገው ስለነበር፣ እሳቸው ሲሄዱ ቅዳሴው አልተቋረጠም።

በቃለ ምልልሶቹ ከካህናቱ ይልቅ ምእመናኑን አስቀድመናል፤ መዘምራኑን፣ የመቃብሩን ጠባቂ፣ ቆሞሳቸውን ያስታመሙትን እናቶች።