«መዝገቡን አጣርተህ ተከራይ» ማለት ብቻውን ፖሊሲ አይደለም

እ.ኤ.አ. ኦገስት 18 ቀን 2019 በዋሽንግተን ዲሲ፣ ኬኔዲ ጎዳና ላይ በሚገኝ አንድ ቤት የተነሣው እሳት የአንድ ሕፃንና የአንድ ጎልማሳ ሕይወት ቀጠፈ። ሁለቱም ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ቤቱ በትናንሽ ክፍሎች ተሸንሽኖ ለብዙ ሰዎች የሚከራይ ቢሆንም ባለቤቱ የማከራየት ፈቃድ አልነበረውም። ከእሳቱ አምስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በማርች ወር፣ ወደ ቤቱ የተጠራ አንድ የፖሊስ መኮንን ያየውን አደጋ ለከተማዋ መሥሪያ ቤቶች በጽሑፍ አሳውቆ ነበር። ጉዳዩ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲንከባለል ቆይቶ ተቆጣጣሪ እጅ ገባ። ተቆጣጣሪው ወደ ቤቱ ሄደ፤ ግን መግባት አልቻለም፤ ፋይሉም ተዘጋ።

ከዚያ ወዲህ ለወገኖቻችን የሚሰጠው ምክር አንድ ዓይነት ነው፦ ቤት ከመከራየታችሁ በፊት የሕንፃውን የደኅንነትና የጥገና መዝገብ አጣሩ። እኛም ይህን ምክር እንሰጣለን፤ ወደፊትም እንሰጣለን። የምንቃወመው ምክሩ የመንግሥትን ቁጥጥር ተክቶ እንዲሠራ ሲደረግ ነው። የሠለጠነ ተቆጣጣሪ በሩን ማስከፈት ካቃተው፣ ሁለት ሥራ የምትሠራ እናት በእጅ ስልኳ ታጣራው ማለት ኃላፊነትን ከባለ ሥልጣኑ ትከሻ አውርዶ በተከራይዋ ላይ መጫን ነው።

እስቲ ያች እናት በዚያው ዓመት ጁላይ ወር የቤቱን አድራሻ በከተማዋ መፈለጊያ ላይ አስገብታ ነበር እንበል። ምን ታገኝ ነበር? ቤቱ ለኪራይ አልተመዘገበም፤ ስለዚህ እንደ ኪራይ ቤት አልተፈተሸም፤ ስለዚህ የተጻፈበት ጥሰት አይኖርም። ስለ ቤቱ የቀረበው ጥቆማም ቢሆን ተዘግቷል። ጉድለት የሌለበት ቤትና ማንም ገብቶ ያላየው ቤት በመዝገቡ ላይ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። ልዩነቱን የምታውቀው የፈቃድ አለመኖር ራሱ ማስጠንቀቂያ መሆኑን አስቀድሞ የነገራት ሰው ካለ ብቻ ነው።

መዝገቡ የተሟላ በሚሆንበት ከተማም ችግሩ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። የኒው ዮርክ ከተማ የቤቶች መምሪያ የእያንዳንዱን ሕንፃ ጥሰት በአድራሻ ይፋ ያወጣል፤ ክብደቱንም ኤ፣ ቢ እና ሲ ብሎ ይመድባል፤ ሲ ማለት አፋጣኝ አደጋ ያለው ማለት ነው። በአሜሪካ ከሚገኙት ጥሩ መዝገቦች አንዱ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 9 ቀን 2022 በብሮንክስ አንድ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ከኤሌክትሪክ ማሞቂያ የተነሣ እሳት 17 ሰዎችን ገደለ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ከጋምቢያ የመጡ ቤተሰቦች ነበሩ። እሳቱ ራሱ ሩቅ አልሄደም፤ የገደለው ጭሱ ነው፤ ጭሱን ያስፋፋው ደግሞ በራሳቸው መዘጋት የነበረባቸው በሮች ክፍት መቅረታቸው ነው። ሕንፃው ከዚያ በፊት በበሮች መዘጊያ ጉድለት ተከሶ ነበር። በመዝገቡ ላይ ግን ጉድለቱ «ተስተካክሏል» ተብሎ ተጽፏል። በዚያች ከተማ አከራይ ማስተካከሉን ራሱ አረጋግጦ ማሳወቅ ይችላል። ስለዚህ «ተስተካክሏል» የሚለውን ቃል የሚያነብ ተከራይ፣ ተቆጣጣሪ በዓይኑ አይቶ የጻፈው ይሁን ወይስ አከራዩ ስለ ራሱ የመሰከረው፣ ከመዝገቡ ላይ በቀላሉ ሊለይ ይገባዋል።

ተከራይ በዓይኑ ሊያይ የማይችለው ነገርም አለ። በሜሪላንድ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 2016 የአንድ አፓርትመንት ሕንፃ በጋዝ ፍንዳታ ፈርሶ 7 ሰዎች ሞቱ። ብሔራዊው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ባደረገው ምርመራ ምክንያቱ በሕንፃው ውስጥ የነበረው የጋዝ ግፊት መቆጣጠሪያ መበላሸቱና የመተንፈሻ ቱቦው አለመገናኘቱ መሆኑን አረጋገጠ። መሣሪያው የነበረው በቆጣሪ ክፍል ውስጥ ነው። ቤት ሊያይ የመጣ ሰው የውኃ ቧንቧ ከፍቶ ይሞክራል፣ ምድጃውን ይለኩሳል፣ መስኮት ይከፍታል፤ የቆጣሪ ክፍል ግን ማንም አያሳየውም።

ይህ ሁሉ ማጣራት ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በዲሲ የሚከራይ ሰው ሦስት ነገር ቢጠይቅ ብዙ ያውቃል፦ የማከራያ ፈቃዱን፣ ሕንፃው ለምን አገልግሎትና ለስንት መኖሪያ እንደተፈቀደ የሚገልጸውን የምስክር ወረቀት፣ በሕንፃው ላይ የተጻፉትን ጥሰቶች። ፈቃዱ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ሆኖ በበሩ ላይ ስድስት የተለያዩ ቁልፎች ከታዩ፣ ሌላ ማስረጃ መፈለግ አያስፈልግም። መኝታ ክፍሉ ወደ ውጭ የሚያስወጣ መስኮት ከሌለው፣ ወይም መስኮቱ ከውስጥ በማይከፈት ብረት ከታጠረ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አይከራዩት። የጭስ ማስጠንቀቂያውን ቁልፍ ተጭኖ ማስጮህ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ አከራዩ ቆሞ እያየ ቢሆንም እንኳ።

ቁም ነገሩ ግን እዚህ ላይ ነው። የዲሲ ሕግ አከራይ እነዚህን ሰነዶች፣ ባለፉት 12 ወራት የተጻፉትንና ከዚያ በፊት ተጽፈው ያልታረሙትን ጥሰቶች ጨምሮ፣ ለቤት አመልካች እንዲሰጥ ያዛል። ይህ መልካም ሕግ ነው። ሆኖም ሕጉ የሚያስበው የማመልከቻ ቅጽ ሞልቶ የሚከራይን ሰው ነው። የእኛ ሰው ግን ክፍል የሚያገኘው በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ደጃፍ፣ በቴሌግራም መልእክት፣ «የአገር ልጅ ነው፣ ችግር የለም» በሚል ቃል ነው። ቅጽ በሌለበት አመልካች የለም፤ አመልካች በሌለበት ሰነድ የሚሰጠው የለም።

ሰነዱ ቢሰጥስ በየትኛው ቋንቋ? ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን ወደ ሌሎች ቋንቋዎች መተርጎም አለባቸው፤ አማርኛ ከእነዚያ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ይህን ለማስገኘት የታገሉ ወገኖቻችንን እናመሰግናለን። ነገር ግን ሕጉ የሚያስገድደው መሥሪያ ቤቶችን እንጂ አከራይን አይደለም። አንድ በራሪ ወረቀት ወደ አማርኛ ተተርጉሞ የጥሰቱ ዝርዝር በእንግሊዝኛ ከቀረ፣ የተተረጎመው ሰላምታው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ራሳችንንም አንሸሽግ። ምድር ቤታቸውን ያለ ፈቃድ የሚያከራዩ የራሳችን ሰዎች አሉ። ብዙዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ የቤት ዕዳ የከበዳቸው፣ አዲስ ለመጣ ዘመድ መጠለያ የሰጡ ናቸው። ተከራዩም ወረቀት መጠየቅን እንደ ስድብ ይቆጥረዋል፤ ይሉኝታ ይይዘዋል። እሳት ግን ይሉኝታ አያውቅም። የማኅበረሰብ ድርጅቶቻችን ስለ ውጭው አከራይ አፋቸውን ሞልተው ሲናገሩ ስለ አገር ልጅ አከራይ ዝም የሚሉበት ጊዜ ማብቃት አለበት፤ እኛም ከዝምተኞቹ መካከል ነበርን።

የሚቀርብብንን መከራከሪያ እናውቃለን፤ ቀላልም አይደለም። ቁጥጥሩ ቢጠብቅ ርካሽ ክፍሎች ይዘጋሉ፣ ደሃው ጎዳና ላይ ይወድቃል ይባላል። ፍርሃቱ እውነት ነው፤ ተከራዮች ተቆጣጣሪ ሲመጣ በር የማይከፍቱትም አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መልሱ ግን ክፍሉን እንዳለ መተው ሳይሆን የሚወጣውን ሰው ማሳደር ነው። የዲሲ የተከራዮች ተሟጋች ጽሕፈት ቤት በእሳት ወይም በመንግሥት ትእዛዝ ከቤታቸው ለሚወጡ ተከራዮች የአጭር ጊዜ ማረፊያ የሚሰጥበት ፕሮግራም አለው። የአጭር ጊዜ ማረፊያ የሆቴል አልጋ ነው እንጂ ቤት አይደለም፤ ልጆች በትምህርት ቤታቸው አካባቢ እንዲቆዩ የሚያስችል የኪራይ ድጎማ ካልተጨመረበት፣ ቤተሰቡ ሁለተኛ ጊዜ በሩን አይከፍትም። አቤት ባለ ተከራይ ላይ አከራይ እንዳይበቀል የሚከለክል ሕግም አለ፤ ግን ያለ ውል በእጅ በጥሬ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ሕጉ እንደሚሸፍነው ማን በቋንቋው ነገረው?

ለምክር ቤት አባላት ባልደረቦች የምናቀርበው ጥያቄ የተወሰነ ነው። «መግባት አልተቻለም» ተብሎ የሚዘጋ ፋይል አይኑር፤ ተቆጣጣሪው በተደጋጋሚ ሄዶ መግባት ካልቻለ መሥሪያ ቤቱ በተቆረጠ ቀን ውስጥ የፍርድ ቤት የመግቢያ ፈቃድ እንዲጠይቅ በሕግ ይገደድ፤ አድራሻውም እስከዚያው «ያልተፈተሸ» ተብሎ በይፋ ይታይ። «ተስተካክሏል» የሚለው ቃል ባለበት ሁሉ ማን አይቶ እንዳረጋገጠው ከጎኑ ይጻፍ። የአከራይ መግለጫ ቅጽ፣ የጥሰት ዝርዝሩን ጨምሮ፣ መምሪያው ራሱ አዘጋጅቶ በአማርኛ ያቅርበው፤ ተከራዩ ያልፈረመበት መግለጫ እንዳልተሰጠ ይቆጠር። የቃል ኪራይም ከዚህ አያመልጥ። ከእነዚህ ሁሉ ወጪ የሚጠይቀው የመጀመሪያው ነው፤ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባውም እርሱ ነው።

የቀድሞው የሸማቾችና የቁጥጥር ጉዳዮች መምሪያ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 ለሁለት ተከፍሎ፣ የሕንፃ ቁጥጥሩ ለብቻው መምሪያ ሆኗል። የፈቃዱ ሥራ ደግሞ ወደ ሌላው መምሪያ ሄደ። ፈቃድ የሌለው ኪራይ ቤት የሁለቱም ጉዳይ ነው፤ የሁለቱም የሆነ ነገር ደግሞ በቀላሉ የማንም ይሆናል። ስለዚህ የምክር ቤቱ ኮሚቴዎች የመምሪያዎቹን ዓመታዊ አፈጻጸም በሚመረምሩበት ስብሰባ ላይ ባልደረቦች ሁለቱን ዳይሬክተሮች በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጠው ይህን እንዲጠይቁልን እንፈልጋለን፦ ባለፉት 12 ወራት «መግባት አልተቻለም» ተብለው የተዘጉ ጥቆማዎች ስንት ናቸው? ከእነዚህ አድራሻዎች ስንቶቹ የማከራያ ፈቃድ የላቸውም? ዛሬ ማታ በእነዚያ ቤቶች ውስጥ ስንት ሰው ያድራል?