ጉባኤ ያለ ቀጸላ

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ጉባኤ ማለት መምህሩ ተቀምጦ የሚያስተምርበት፣ ደቀ መዛሙርቱም ዙሪያውን ሆነው የሚሰሙበት ነው። በዚያ ሥርዓት ግን መስማት ብቻውን ትምህርት አይባልም። መምህሩ ትርጓሜውን ተናግሮ ከተነሣ በኋላ ተማሮቹ እርስ በርሳቸው ተሰብስበው የሰሙትን ይደጋግሙታል፤ የረሳው ካልረሳው ይጠይቃል፤ ያልገባውም ይከራከራል። ይህ ቀጸላ ይባላል። ጉባኤ ውሎ ቀጸላ ያልዋለ ተማሪ ስሙ በተማሪነት ቢጠራም ዕውቀቱ ከመምህሩ ደጃፍ አያልፍም።

በዛሬው ዘመን ጉባኤ የሚለው ስም ወደ ከተማው አዳራሽ ተሻግሮአል። ከኅዳር 19 እስከ 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የኢንተርኔት አስተዳደር ዓለም አቀፍ ጉባኤ በአዲስ አበባ ተደርጎአል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ኢቴክስ የተባለው የቴክኖሎጂ ዐውደ ርእይ ተከፍቶ ነበር። በኮምፒዩተር ፊደልን፣ ሥዕልንና ሰሌዳን ስለ መቅረጽ፣ በዛሬው አነጋገር ዲጂታል ዲዛይን ስለሚባለው ጥበብ፣ የሚናገሩ ሰዎችም በልዩ ልዩ ስፍራ እየተሰበሰቡ ለሚሰማ ሁሉ ያስረዳሉ። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ የሚነቅፈውም የለም።

የሚነቀፈው የመቀመጡ ልማድ ነው። ይህም በአንዱ ጉባኤ ላይ ብቻ የሚወድቅ ወቀሳ ሳይሆን በብዙ ስፍራ የሚታይ ነው። በመክፈቻው ሰዓት የፊተኛው ወንበር ሁሉ በሹማምንት ይሞላል፤ ንግግር ይነበባል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ከሻይ በኋላ ግን ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ስለ ፊደል አቀራረጽ፣ ስለ ቀለም፣ ሕዝብ አይቶ ስለሚረዳው ምልክት የሚናገረው ሰው ተራው ከሰዓት በኋላ ሲደርስ ከአዳራሹ እኩሌታ ለማይሞላ ሰው ይናገራል። ከክፍለ ሀገር የሚላከውም ብዙ ጊዜ ሥራው የሚመለከተው ሳይሆን ተራ የደረሰው ነው። የውሎ አበሉን ተቀብሎ፣ ስሙ የተጻፈበትን ካርድ በአንገቱ አንጠልጥሎ ይመለሳል፤ በመሥሪያ ቤቱም ምን ሰማህ ብሎ የሚጠይቀው አይገኝም።

የፊደል መልክ ትንሽ ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር ታሪኩን ይመልከት። በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1513 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሮም የወጣው መዝሙረ ዳዊት ነው። ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ካህን ነበር። ይህ ሰው በሮም የኢትዮጵያ መነኮሳት ሲጸልዩ ሰምቶ ልቡ ተማረከ፤ ወደ እነርሱም ቀርቦ ተቀመጠና ከአባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ቋንቋውን ተማረ። ግዕዝን ከለዳዊ ቋንቋ ብሎ መጥራቱ ስሕተት ነው፤ ስሙን ቢስትም ጆሮው ግን አልሳተም። ከዚያ በኋላ በ1548 እና በ1549 አባ ተስፋ ጽዮን ከወንድሞቻቸው ጋር በዚያው በሮም ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። ማተሚያው የባዕድ ሲሆን ፊደሉን የሚያየው ዐይን የሊቅ ዐይን ነበር። ባለ እጁና ባለ ዕውቀቱ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ስለ ተሰማሙ ሥራው ተፈጸመ።

ኮምፒዩተር በመጣ ጊዜ ይህ መስማማት ለብዙ ዘመን አልተገኘም። እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ለፊደሉ የየራሱን ቍጥር ይሰጥ ስለ ነበር፣ በአንዱ መሥሪያ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጕም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። ጸሓፊዎችም ደብዳቤውን እንደ ገና ከወረቀት እየገለበጡ ይደክሙ ነበር፤ በዕድሜ የገፉት የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ይህን አይረሱትም። በ1999 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ዩኒኮድ የተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ የኢትዮጵያን ፊደል ሲቀበል ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቍጥር ተወሰነ። በ2005 ደግሞ ለሌሎች የኢትዮጵያና የኤርትራ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላት ገቡ። ቍጥሩ ተወስኖ ሲያበቃ ግን መልኩን የሚቀርጽ ያስፈልጋል። ከዊንዶውስ ጋር የመጣው ኒያላ የተባለው ፊደል የውጭ አገር ባለሙያዎች የቀረጹት ነው፤ ያማረም ነው። ሆኖም በሺህ ዓመት የብራና ታሪክ የምትመካ አገር የፊደሏን መልክ ሁልጊዜ ከሌላ እጅ ስትጠብቅ መኖሯ የሚያስመሰግን አይደለም።

ይህ ነገር በአዲስ አበባ አዳራሽ የሚያልቅ አለመሆኑን ለመረዳት ወደ አዊ ምድር፣ ወደ ዘንገና ሐይቅ መሄድ ይበቃል። ዘንገና ከእንጅባራ ከተማ ብዙ ሳይርቅ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና አጠገብ የሚገኝ፣ እሳተ ገሞራ የፈጠረው በደን የተከበበ ክብ ሐይቅ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከፍታው 2500 ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱም 166 ሜትር ያህል ነው ይባላል። በአካባቢው የሚኖረው የአዊ አገው ሕዝብ የራሱ ቋንቋ አለው፤ ልጆቹም በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በዚሁ ቋንቋ ይማራሉ። ቋንቋው የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ሲሆን በአማርኛ የሌለ አንድ ድምፅ አለው፤ እርሱም ከላንቃ በስተኋላ ተይዞ በአፍንጫ የሚወጣው ድምፅ ነው። ለዚህ ድምፅ ከገ ቅርፅ የወጣው ጘ ያገለግላል። እንግዲህ በአዲስ አበባ የተቀመጠ ፊደል ቀራጭ ስለ አማርኛ ብቻ አስቦ አዲስ ፎንት ቢሠራና ጘን ቢተወው፣ በእንጅባራ ያለው መምህር የልጆችን መጽሐፍ በዚያ ፎንት ሲያዘጋጅ በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሳጥን ይመጣበታል። ልጁም የገዛ ቋንቋውን ድምፅ በሳጥን ተተክቶ ያያል። ቀራጩ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ በጉባኤው የአዊ መምህር አጠገቡ ስላልተቀመጠ ነው።

የፊደል ቀራጮች ንግግር ፍሬ የሚመዘነው በአዳራሹ ጭብጨባ ሳይሆን በዘንገና ዳር በሚቆመው ሰሌዳ ነው። መንገዱ ሰላም ሆኖ እንግዳ ሲመጣ የሚያነበው፣ ሐይቁ እንዴት እንደ ተፈጠረ በሥዕል የሚያስረዳ፣ በአዊ ቋንቋ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ በጥራት የተጻፈ ሰሌዳ ለማዘጋጀት ዕውቀት ይጠይቃል። አሁን ደግሞ አዲስ ፈተና መጥቶአል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥዕል የሚሠሩ ፕሮግራሞች የግዕዝ ፊደል እንዲጽፉ ሲታዘዙ ፊደል የሚመስል፣ ፊደል ግን ያልሆነ ጭረት ሲያወጡ ይታያሉ። የበዓል ማስታወቂያ የሚያሠራ ሹም ሳያነብ ቢያወጣው የሚያፍረው ፕሮግራሙ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው አምስት ሚሊዮን ወጣቶችን በሦስት ዓመት የኮምፒዩተር ትምህርት የማስተማር ሥራ ታላቅ ነው፤ የፊደልን መልክ መለየት ግን ሌላ ዐይን ይፈልጋል።

ይህ ለካህናት ምን ይመለከታቸዋል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ቁም ጸሐፊ ብራናውን በወስፌ በስቶ፣ መስመር አስምሮ፣ ሕዳጉን ለክቶ፣ ከዚያ በኋላ ብርዑን ያነሣል። የዛሬ ዲዛይን ዐዋቂዎች ገጽን በመስመር ከፍሎ ማሰናዳት ብለው የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው። የት ቀይ ቀለም እንደሚገባ፣ ሐረግ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ፣ ሀ ከሐና ከኀ በመልክ እንዴት እንደሚለይ ከቁም ጸሐፊ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የመሠረቱት አለ ፈለገ ሰላምም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ቤተ ሰብ የወጡ፣ በአሜሪካ በቺካጎ የተማሩ ሰው ነበሩ፤ አንዱ ትምህርት ሌላውን አላስጣላቸውም። ስለዚህ ሀገረ ስብከቶች ወደ እንዲህ ያለ ጉባኤ ሲጠሩ ከሥራ አስኪያጅ ጋር አንድ ቁም ጸሐፊ ቢልኩ፣ አዘጋጆቹም ንግግሩን በአማርኛ እንዲሰማ ቢያደርጉለት፣ የሚናገሩት ሰዎች ራሳቸው ከእርሱ የሚሰሙት አያጡም።

መሥሪያ ቤቶችም ወደ ጉባኤ የሚልኩት ሰው በተመለሰ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሰማውን ለባልንጀሮቹ ተቀምጦ እንዲናገር፣ ባልንጀሮቹም እንዲጠይቁት በደንብ ቢወስኑ ወጪው አይጨምርም። አበሉ ከዚያ ቀጸላ በኋላ ቢከፈል ደግሞ እስከ መጨረሻው ንግግር የሚቀመጠው ሰው ቍጥር ያለ ጥርጥር ይበዛል። ለአዊ ምድር ስፍራ አይጠፋም፤ የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ አለው፤ የቋንቋው መምህራንም በዚያው ናቸው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአዊ ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር ሕዝቡ ከየወረዳው ይሰበሰባል፤ የፈረሱን ዕቃ የሚሸልሙት የእጅ ጥበብ ዐዋቂዎችም ቀለምንና ቅርፅን ከማንም ሳይማሩ የሚያስማሙ ናቸውና ለእንዲህ ያለ ውይይት መጠራት ይገባቸዋል። የዘንገናው ሰሌዳ ከዚያ ቀን አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ቢቆም የሚያነበው ሰው ብዙ ይሆናል። ለሰሌዳው የሚሆነው እንጨት ግን ከሐይቁ ደን እንዳይቈረጥ የወረዳው ሹማምንት ከወዲሁ ይጠብቁ።