በጆሮ ያነበብናቸው

«አንባቢ ጠፋ» የሚለው ሙሾ ከሥነ ጽሑፍ መድረኮቻችን ተለይቶ አያውቅም። አልቃሾቹ ታዲያ የሚቆጥሩት መጽሐፍ የገዛውንና ገጽ የገለጠውን ብቻ ነው። ሬዲዮ ከቦ ታሪክን በየክፍሉ እየቆረሰ ያዳመጠው፣ በገጸ ባሕርያት ዕጣ የተከራከረውና ያለቀሰው ሕዝብ ከቁጥር አይገባም። እኔ ግን ይህ ሕዝብ ከአንባቢም አንባቢ፣ ከሐያሲም ሐያሲ ነበር ባይ ነኝ።

ነገሬን በማውቀው አገር ላስረዳ። በደቡብ ወሎ፣ በቦረና፣ ከመካነ ሰላም ወደ ምዕራብ ሲኬድ ደጋው እየተቆረሰ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ማዶው ጎጃም ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ታሪኩ የተፈጸመበት ምድር ከእኛ የሚለየው በአንድ ወንዝ ነበር። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ያንን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ብዙኃኑ ቤት የገባው በወረቀት አይደለም፤ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» የተረከው ያ ታላቅ ተዋናይ በ1982 ዓ.ም. ቢያርፍም፣ እኔና እኩዮቼ ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን፣ ፊታውራሪ መሸሻንና ጉዱ ካሳን የምናውቃቸው ዛሬም በእርሱ አንደበት ነው። በኋላ መጽሐፉን ገልጬ ሳነብ እንኳ ከገጹ የሚነሣው ድምፅ የወጋየሁ ነበር።

ሬዲዮ የሁሉም ቤት ዕቃ አልነበረም። ባለ ሬዲዮው ጎረቤት የደከመውን ባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ለሰዓቱ ያደርሳል፤ ሌላው ቡናውን ይዞ ይመጣል። አቦሉ ላይ ይደመጣል፤ ቶናው ላይ ክርክር ይነሣል፤ በረካው ላይ ሳይታረቁ ይለያያሉ። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ረከቦት ዙሪያ ነበር።

ክርክሩስ ስለ ምን ነበር? ስለ በዛብህ ስለት። እናቱ ተስላ ለወለደችው ልጅ ስለቷ ዕዳ ሆኖበት ሲኖር፣ «ተሳዩዋ እናት፣ ከፋዩ ልጅ፤ ይህ እንዴት ይሆናል?» የሚሉ ነበሩ። «ለፈጣሪ የተሰጠ ቃል አይታጠፍም» የሚሉም ነበሩ። በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ስላመፁት ባላገሮችና ስለ አበጀ በለው ሲነሣ ደግሞ፣ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት ለባለ ርስት የገበሩ አዛውንት ነገሩን ከደራሲው እኩል ያውቁት ነበር። ካሳ ዳምጤን ጉዱ ያሰኘው እብደቱ ነው ወይስ እውነቱ? ይህን ጥያቄ እኔ መጀመሪያ የሰማሁት ከዩኒቨርሲቲ መምህር አይደለም፤ ፊደል ካልቆጠሩ ሴት አፍ ነው።

ይህ የማዳመጥ ልማድ ከሬዲዮ ጋር የመጣም አይደለም። ደብሩ ስንክሳሩን ቀን በቀን ከፍሎ ያነባል፤ ሐድራው መንዙማውን እየተቀባበለ ያነጋል። ታሪክን ከሌሎች ጋር ሆኖ መስማት፣ ቀሪውንም በልብ ይዞ መሰንበት ለወሎ ሰው የቆየ ሙያው ነው። የተከታታይ ታሪክ ምስጢርም እዚህ ላይ ይመስለኛል። በሁለት ክፍሎች መካከል ባለው ዝምታ ውስጥ አድማጩ ደራሲ ይሆናል። ሰብለን ይድራታል፤ ፊታውራሪውን ያስታርቃል፤ በዛብህን ያድነዋል። ደራሲው በመጨረሻ ልቡን ሲሰብርበት፣ የተሰበረው ራሱ የጻፈው ታሪክም ጭምር ነው።

ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ በ257 ክፍሎች የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ሲመጣ ይህ አድማጭ ዝግጁ ሆኖ ጠበቀው። ድራማው ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ለማስተማር የተሠራ ነበር። «ስብከት ነው» ብለው የናቁት የሥነ ጽሑፍ ሰዎች አልጠፉም፤ ትችታቸውም ከእውነት የራቀ አልነበረም። ነገር ግን በዚያ ዘመን በየመንደሩ በሹክሹክታ ብቻ የሚነገረው በሽታ፣ ገጸ ባሕርይ ሲታመምበት በቡና ላይ ጮክ ተብሎ የሚነሣ ወሬ ሆነ። ስለ ጎረቤት መናገር ሐሜት ነው፤ ስለ ገጸ ባሕርይ መናገር ግን ይፈቀዳል። ልቦለድ ለሰው ልጅ ከሚሰጠው ነጻነት ይህ ያንሳል?

ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥኑ ተተካ። «ሰው ለሰው» አበበ ባልቻን አስናቀ አድርጎ በአገር ሁሉ አስጠላው፤ ለተዋናይ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም። በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው ቃና ደግሞ የቱርክን ተከታታይ ድራማዎች በአማርኛ አናገረልን። ዛሬ የቀረን ክፍል ቢኖር በስልካችን እናየዋለን፤ ሃያውንም በአንድ ሌሊት እንጨርሰዋለን። ትዝታ የራቀውን ሁሉ ያጣፍጣል ትሉኝ ይሆናል። አዎን፣ አሰልቺ ክፍሎች ነበሩ፤ ድምፁ በነፋስ እየተቆራረጠ ግማሹን በግምት የሞላነውም ብዙ ነው። እኔ የምናፍቀው ግን ሬዲዮውን አይደለም፤ መጠበቁንና መከራከሩን ነው።

ደግሞም የሚያሳስብ ነገር አለ። ሰብለና በዛብህ መጽሐፍ አላቸው፤ እኛ ብንረሳቸው ገጹ ያስታውሳቸዋል። በሬዲዮ ተወልደው በሬዲዮ የሞቱት ግን ዋነኛ ማደሪያቸው የአድማጮቻቸው ልብ ነው፤ እነዚያም አድማጮች እያረጁ ነው። ስለዚህ የሥነ ጽሑፍ ታሪካችንን የምትጽፉ ሆይ፣ ደራሲውንና ተራኪውን ስትመዘግቡ አድማጩንም አትለፉት። እናንተም ውድ አንባቢያን፣ በሚቀጥለው ዓመት በዓል ወደ አገር ቤት ስትዘልቁ እናቶቻችሁን አንድ ነገር ጠይቋቸው፤ «ያኔ በሬዲዮ ስትሰሙ ለማን ፈረዳችሁ?» በሏቸው። መልሳቸውንም ጻፉት።