«ድምፅ ስጪኝ» ብትለኝ ጉድ ሆንኩ!

ውድ አዘጋጅ፤
የ23 ዓመት ወጣት ነኝ። በቅርቡ ከልብ ጓደኛዬ በቴሌግራም «ውድድር ላይ ነኝ፤ እባክሽ ድምፅ ስጪኝ» የሚል መልእክት መጣልኝ። ሊንኩን ነካሁት። ስልክ ቁጥሬን፣ ቀጥሎም የተላከልኝን ኮድ አስገቢ አለኝ፤ አስገባሁ። ለካስ የሷም አካውንት ተጠልፎ ኖሯል! በዚያው ምሽት በኔ ስም «ቸግሮኛል፤ ነገ እመልሳለሁ» እየተባለ ብር ተለመነ። አክስቴ ለእቁብ ያስቀመጠችውን 8 ሺህ ብር ላከች። አሁን ዓይኔን ማየት አትፈልግም። ወንድሜ «እንዲህ ያለውን ሊንክ የሚዘጋ ዝርዝር አለ» ይለኛል። እውነት ነው? ወይስ ስልኬን ጥዬ ልቀመጥ?
ግራ የገባኝ፤ ከአዲስ አበባ

ውድ እህታችን፤
አይዞሽ፣ ስልክሽን አትጣይ። ወንድምሽ እውነቱን ነው። የአጭበርባሪዎችን ድረ ገጽ አድራሻ እየተከታተሉ የሚመዘግቡ ድርጅቶች አሉ። መዝገቡ የሌቦችን ስም ለየሰፈሩ ዘበኛ እንደማደል ነው፤ አዲስ ሌባ በተገኘ ቁጥር ይታደሳል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረው ኳድ ናይን የተባለ አገልግሎት እነዚህን መዝገቦች ሰብስቦ በነጻ ይሠራባቸዋል። ስልክሽ አንድን ገጽ ከመክፈቱ በፊት አድራሻውን ዲኤንኤስ የሚባለውን ክፍል ይጠይቃል። የተጠየቀው ስም መዝገቡ ውስጥ ካለ ኳድ ናይን መልስ አይሰጥም፤ ገጹም አይከፈትም። ወንድምሽ በቤታችሁ ዋይፋይ ላይ ዲኤንኤስ በሚለው ቦታ 9.9.9.9 ብሎ ያስገባልሽ። ጉግል ክሮምም የራሱ ዝርዝር አለው፤ ቀይ ማስጠንቀቂያ ሲያወጣብሽ «ምን አገባው» ብለሽ አትለፊ።

ነገር ግን አትዘናጊ! ዘበኛው የሚያውቀው የተመዘገበውን ሌባ ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት የተከፈተ ገጽ ገና አልተጻፈ ይሆናል። ኮዱን በገዛ እጅሽ ከሰጠሽ ደግሞ የትኛውም ዝርዝር አያድንሽም። ስለዚህ የቴሌግራም ኮድ ለጓደኛም፣ ለእናትም አይሰጥም። አካውንትሽ ውስጥ መግባት ከቻልሽ ከሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ከፍተሽ የማታውቂውን ስልክ ሁሉ አስወጪ፤ ሁለተኛ የይለፍ ቃልም አብጂ። ያንን ሊንክም ለጉግል ጠቁሚ፤ አንቺን የጎዳው ገጽ መዝገብ ከገባ ሌላዋን እህት ያተርፋል።

የአክስትሽ ጉዳይ ግን በስልክ አይሆንም። ሄደሽ ፊት ለፊት ተቀመጪ፤ «እኔ አልለመንኩሽም፤ በሬን ከፍቼ የሰጠሁት ግን እኔ ነኝ» በያት። የላከችበትን ደረሰኝ ይዛችሁ ገንዘቡን ወዳስተላለፈው ተቋምና ወደ ፖሊስ አብራችሁ ሂዱ። ብሩ ባይመለስ እንኳ ከምታገኚው ላይ ትንሽ ትንሽ እያልሽ ለመክፈል ቃል ግቢ። አክስትሽን ያስቀየማት ብሩ ብቻ ሳይሆን ዝምታሽም ሳይሆን አይቀርም።